ሦስት ሰው ያልሁበት በዓል

በመጋቢት ጎንደር ውስጥ ማገጥ መፈለግ የሞኝ ሥራ ነው። ማገጥ የክረምት ቅጠል ነው፤ በነሐሴ ሜዳውን ይሸፍናል፣ በመስከረም ያብባል፣ ኅዳር ሳይወጣ ወይ ከብት ይጨርሰዋል ወይ ፀሐይ ያደርቀዋል። እኔ ግን በዚያ ዓመት መጋቢት ሰባት ቀን የቀሃን ወንዝ ተከትዬ ቁልቁል ወረድሁ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ድንጋይ ዝቅ ብሎ፣ ውኃ ከሚያዥበት ገደል ሥር፣ ከመዳፌ ብዙ በማይበልጥ ቦታ ላይ አገኘሁት። ቅጠሉን አንድ በአንድ ቆጠርሁ። በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ሦስት ሦስት ነው። ከነሥሩ ነቅዬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልሁት።

ቅጠሉን የፈለገው በከተማችን እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ ፈረንጅ ነው። እኔ የእሱ ተማሪ አልነበርሁም። ያደግሁት በደብር ነው፤ ዲያቆን ነኝ። እንግሊዝኛን የተማርሁት ጣልያን ከወጣ በኋላ አንድ የእንግሊዝ ወታደር ጥሎት ከሄደ መጽሐፍና ራሴ ካሰመርሁት ደብተር ነው። በደብተሩ ግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኙ አማርኛውን እጽፋለሁ፤ ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ። ሁለት ፍቺ ያለው ቃል አይመቸኝም ነበር፤ መስመሩን ያበላሽብኛል። ፈረንጁ አማርኛ የሚያስተምረው ሰው ሲፈልግ እኔን ጠቆሙት። በሳምንት ሦስት ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጠን እኔ ለእሱ አማርኛ፣ እሱ ለእኔ እንግሊዝኛ እንሰጣጣለን።

የግቢው ዘበኛ ከዳባት በኩል የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም አያ እንላቸዋለን። በየጠዋቱ ፈረንጁን «እንዴት አደርህ እንግሊዙ!» ይሉታል፤ እሱም በየጠዋቱ ፊቱ ይቀላል።

«እንግሊዝ አይደለሁም! አየርላንድ! አየርላንድ ነኝ!»

«እሱ ደግሞ ምን አገር ነው?» አሉኝ አንድ ቀን ወደ እኔ ዞረው።

ከእንግሊዝ አጠገብ ያለ ደሴት እንደሆነ፣ እንግሊዝ ብዙ መቶ ዓመት ገዝቶት በአባቱ ዘመን ገደማ እንደወጣለት ነገርኋቸው።

«ታዲያ ምነው የገዛውን ሰውዬ ቋንቋ ያስተምራል? እኛ ጣልያን ከወጣ ወዲህ ጣልያንኛ እናስተምራለን?»

ፈረንጁ «ምን አሉ?» አለኝ።

«ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ይመጣል አሉ» አልሁት። ያን ጊዜ መዝለል የሚገባውን መዝለል እችል ነበር።

የበዓሉን ነገር የነገረኝ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። በአገሩ ከሁሉ በላይ የሚከበረው የቅዱስ ፓትሪክ ዕለት ነው፤ በእኛ መጋቢት ስምንት ላይ ይውላል። በእኛ ስንክሳር ያ ቀን የሐዋርያው ማትያስ ነው፤ ይህን ብነግረው ደስ አለው፣ ጻፈው። እኔም የእሱን ጻፍሁ። ጻድቁ የአየርላንድ ሰው አልነበረም። በዐሥራ ስድስት ዓመቱ የባሕር ወንበዴዎች ከአባቱ ቤት ማርከው፣ ወደዚያች ደሴት ወስደው ሸጡት። ስድስት ዓመት በተራራ ላይ በግ ጠበቀ። ከዚያ አምልጦ በመርከብ አገሩ ገባ። በአገሩ ሳለ ግን የማረኩት ሰዎች በሕልሙ እየመጡ «ተመለስልን» ይሉት ጀመር። ተምሮ፣ ጳጳስ ሆኖ፣ ባሪያ ወደነበረበት አገር ተመለሰና አጠመቃቸው። እባቦችን ሁሉ ባሕር ውስጥ እንዳሰመጠ ይነገራል፤ ፈረንጁ ግን እየሳቀ «መጀመሪያውንም እባብ አልነበረንም» አለኝ። የዚያ አገር ንጉሥ ስለ ሥላሴ «ሦስቱ እንዴት አንድ ይሆናሉ?» ብሎ ሲጠይቀው ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር የማገጥ ቅጠል ቀጠፈና አሳየው፤ አንድ ዘንግ፣ ሦስት ቅጠል። ስለዚህ በበዓሉ ቀን ሁሉም ያን ቅጠል ደረቱ ላይ ሰክቶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል። ባሕር ማዶ ልጅ ያላት እናት ቅጠሉን በደብዳቤ ውስጥ ታሽግለታለች። የእሱም እናት በየዓመቱ ትልክለት ነበር፤ የዘንድሮው ግን አልደረሰም። ማታ የመጨረሻውን መጠጥ ሲቀዱ ቅጠሉን ከጽዋው ውስጥ ይነክሩታል፤ መጠጡን ጨልጠው ቅጠሉን በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ ይወረውሩታል።

«በየትኛው ትከሻ?»

«በግራ።»

ጻፍሁት።

ከሁሉ የያዘኝ የምርኮው ነገር ነበር። ለእኛስ ብርሃን የገለጠልን አባ ሰላማ በልጅነቱ ከመርከብ ላይ ተማርኮ የመጣ ባዕድ አይደለምን? ባዕድ፣ ምርኮኛ፣ ከዚያ ሄዶ፣ ከዚያ ጳጳስ ሆኖ የተመለሰ። ሁለት የዓለም ዳርቻ፣ አንድ ታሪክ። ይህን ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አሰብሁ፤ ኩራቴ ከዚያ ቀን ይጀምራል። ደብተሬን ይዤ ወደ የኔታ ሮጥሁ።

የኔታን እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ። ከፊደል እስከ ዜማ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ከዚያም በላይ ሴት ልጃቸው ለእኔ ታጭታለች። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቃል ተሰጥቶ፣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ዲያቆን ሳያገባ አይቀስስም፤ ስለዚህ ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ቅስናው ከሠርጉ በኋላ ተብሎ ተቆርጧል። ከልጅቱ ጋር ፊት ለፊት የተነጋገርነው ቢቆጠር ዐሥር ቃል አይሞላም። ሆኖም የኔታ ቤት ዜማ ስቀጽል ከጓዳ ሆና ትሰማለች፤ እንደ ወንድ ተማሪ አላስተማሯትም፣ በጆሮዋ ግን ሁሉን ይዛዋለች። እኔ አንድ ምልክት ስስት ከመጋረጃው ወዲያ ትስላለች። የኔታ ሳይነቁ አርማለሁ። በዚያ ሳል ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ ብል ማጋነን አይደለም።

የኔታ ታሪኩን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ተማርኮ፣ ተሽጦ፣ ተመልሶ ለሸጡት ጳጳስ ሆነ?»

«አዎ የኔታ።»

«ይኸማ የእኛው ነው! ከማን ሰረቁት?» ብለው ሳቁ። «ሸጋ ነገር አመጣህ። ሰውዬው ከአፉ ሲናገር ልስማው።»

እኔም ለፈረንጁ ነገርሁት፤ እሱም በበዓሉ ቀን እንዲመጡ ጋበዘ። እንግዲህ የጋበዘው እሱ ቢሆንም የጎተትኋቸው እኔ ነኝ።

መጋቢት ስምንት ቀን፣ ጾሙ ከተፈታ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ የኔታ ከደብሩ ቄሰ ገበዝ ጋር መጡ። ፈረንጁ ዳቦ፣ የተቆላ ሽምብራና ሻይ አዘጋጅቷል፤ ወተት አልቀረበም፣ አስቀድሜ አስጠንቅቄው ነበር። ማገጡን ከኮቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰክቷል። ለእንግዶቹም አንዳንድ ዘንግ አደላቸው። የእኔን ራሱ ደረቴ ላይ ሰካልኝ።

አያ ከበሩ ቆመው ያያሉ። «ይኸ የበሬ መኖ አይደለም? ሰው ደረቱ ላይ መኖ ይሰካል? ዲያቆን፣ ከብት እንዳያይህ በገበያው አትለፍ!»

የኔታ ሳቁ። የእርሳቸውን አልሰኩትም፤ በሁለት ጣታቸው ይዘው እያሽከረከሩት ተቀመጡ።

ፈረንጁ ቆሞ ይናገራል፣ እኔ ከጎኑ ቆሜ እመልሳለሁ። ምርኮውን ተረጎምሁ፣ በጉን፣ ሕልሙን፣ መርከቡን። አንድም ቦታ አልተደናቀፍሁም። ቄሰ ገበዙ የኔታን «ልጁ እንደ ውኃ ነው የሚያወርደው» ሲሏቸው ሰማሁ። የኔታም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ ፈረንጁ በአገሩ በዚያ ቀን የሁዳዴ ጾም እንደሚፈታ፣ ሥጋም እንደሚበላ ተናገረ። ይህንንም ተረጎምሁ።

ቄሰ ገበዙ ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ። «ከሦስት ቀን በፊት ያከበርነው አቦ እኮ የእናቱን ጡት እንኳ ያልቀመሰ ነው። የዚህ ሰውዬ ጻድቅ በሁዳዴ ሥጋ ያበላል? ምን ዓይነት ጻድቅ ነው?»

«የእኛም ጻድቃን ብዙ ይጾማሉ አሉ» ብዬ ለፈረንጁ አቀረብሁለት። እሱም የእሱ ጻድቅ ከተራራ ጫፍ ላይ አርባ ቀን መጾሙን ተናገረ። ቄሰ ገበዙ «እንዲህ ከሆነስ» ብለው ወደ ኋላ ተደገፉ። ነገሩን ሁሉ በእጄ የያዝሁት መሰለኝ።

ከዚያ ፈረንጁ ቅጠሉን አነሣ። ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቅጠል በጣቱ እየነካ፣ ለንጉሡ የተነገረውን ተናገረ። ሊቃውንቶቻችን አካል የሚሉትን፣ የእንግሊዝ ቋንቋ ‹ፐርሰን› ይለዋል። ተራ ሰውንም በዚያው ቃል ይጠሩታል። በደብተሬ ቀኝ በኩል የተጻፈው አንድ ፍቺ ነበር፤ ሰው። ሥላሴ በአካል ሦስት፣ በባሕርይ አንድ መሆናቸውን ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ አውቄዋለሁ። ከእንቅልፌ ቀስቅሶ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር አልሳሳትም። በዚያች ሰዓት ግን የሚናገረው ደብተሩ እንጂ እኔ አልነበርሁም።

«ሦስት ሰዎች፣ አንድ አምላክ» አልሁ።

የኔታ ጣታቸው ላይ ያለው ቅጠል ቆመ። «ምን አልህ?»

ያልሰሙኝ መሰለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃሉን አጥርቼ ደገምሁላቸው። «ሦስት ሰዎች፣ አንድ አምላክ።»

ሁለተኛውን ጊዜ ራሴም ሰማሁት።

«አካል! አካል ማለቴ ነው የኔታ፣ ሦስት አካል!» አልሁ፤ ሰዓቱ ግን አልፏል። ቄሰ ገበዙ አማተቡ። በዚህች ከተማ አባቶቻችን በአንዲት ቃል ምክንያት ተወጋግዘዋል፣ ደም ፈስሷል፤ እዚያ በረንዳ ላይ ከተቀመጡት ውስጥ ይህን የማያውቅ ፈረንጁ ብቻ ነበር።

የኔታ አልጮኹም። ከያዙት ዘንግ ላይ አንዱን ቅጠል ቀነጠሱ።

«አንዱን ቀነጠስሁ፤ ሁለቱ ቀሩ። ይኸ ምሳሌ ነው? በል ፀሐይን ቀንጥስልኝ። ብርሃኗን ለብቻ፣ ሙቀቷን ለብቻ አድርገህ አምጣልኝ።» ለማን እንደሚናገሩ አልታወቀም፤ ወደ እኔም ወደ ፈረንጁም አላዩም። የቀረውን ከወንበሩ ላይ አስቀምጠው ተነሡ።

ፈረንጁ ለጸሎት የሚሄዱ መስሎት እስከ በር ሸኛቸው፤ በሁለት እጁ ጨበጣቸው፣ ፈገግ አለ። አያ በሩን እየዘጉ ወደ እኔ መጡ።

«ዲያቆን፣ እኔ የማውቀው አንድ እግዜር ነው። ሁለቱን ሰዎች ከየት አመጣኻቸው?»

ቅዳሜ ገበያ ሳይደርስ ቃሉ ከተማውን ዞረ። ልጆች ከአጥር ላይ ሆነው «ሦስት ሰው መጣ!» ይሉኛል፤ ብቻዬን እየሄድሁ። ጥላ የያዘ አንድ ደብተራ መንገድ ላይ አቁሞኝ «ሦስታችሁም ደህና ናችሁ?» አለኝ። ቀልዱ ሸጋ ነበር። ሌላ ሰው ላይ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

እኔ በበዓሉ ማግስት ጠዋት የኔታ ዘንድ ሄጄ ነበር። ተማሪዎቹን አሰናብተው ተቀበሉኝ። ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ አልነበረም።

«ሰውዬው ያለው ቃል በእኛ ምን ማለት ነው?»

«አካል ማለት ነው የኔታ።»

«አንተ አካል የሚለውን ቃል አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ሰው አልህ?»

«እንግሊዝኛው በደብተሬ ላይ...»

እጃቸውን አነሡ። «የምታስበው በእንግሊዝኛ ከሆነ በእንግሊዝኛ አግባ።»

ይህን ሲሉ አልተቆጡም። የሚያስፈራውም እሱ ነበር፤ ቀድመው ያሰቡበት ንግግር ነው።

ለፈረንጁ የሆነውን ብነግረው ገረመው። ያን ቀን ራሱን እያመመው፣ ግንባሩን በእጁ ይዞ ነበር የሚሰማኝ። «አንድ ቃል እኮ ነው፤ እኔ ሄጄ አስረዳቸዋለሁ» አለኝ። እባክህ ተው አልሁት። አልተወም። እኔ ሳልኖር የኔታ ቤት ሄዶ፣ ያስተማርሁትን ሁለት የይቅርታ ቃል ተናግሮ፣ አንድ ቆርቆሮ ብስኩት ሰጣቸው። በሁዳዴ፣ በቅቤ የተጋገረ ብስኩት። ቆርቆሮው ላይ ደግሞ ቀይ ላም ተሥላበታለች፤ ጠርጥሮ መተው እንኳ አይቻልም። ቆርቆሮው ሳይከፈት በተማሪ እጅ ወደ እኔ ተመለሰ። ፈረንጁ «ብስኩት አይወዱም?» አለኝ። እሱን ብዙ ጊዜ ልጠላው ሞክሬያለሁ። በክፋት አላደረገውም፤ ይኸው ደግሞ ከሁሉ ያስመርረኛል። በዓሉ ለእሱ አንድ ቀን ነበር፤ በማግስቱ ራስ ምታት፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ክፍሉ። በሰኔ ትምህርት ሲዘጋ ዕቃውን በማኪና ጭኖ ሄደ፤ ሲሰናበተኝ «በጣም ጥሩ አስተርጓሚ ነህ» አለኝ።

ስለ እኔ ቄሰ ገበዙና የኔታ ተነጋገሩ። ቀኖና ሰጡኝ፤ ለሰባት ቀን በየቀኑ አርባ ስግደት። ሰገድሁ፤ አንድም አላጎደልሁም። በስምንተኛው ቀን ቄሰ ገበዙ ጠርተው «ከቅዳሴ አትቅር፤ ሰሙነ ሕማማት እየመጣ ነው፣ ዲያቆን አንሶናል» አሉኝ። ወደ ቤተ መቅደስ ተመለስሁ። ነገሩ በዚህ የሚያልቅ መሰለኝ። ሕማማትን ሙሉ ቆሜ አገለገልሁ፤ የትንሣኤ ዕለት የኔታን እንኳን አደረሰዎ ብዬ ጉልበታቸውን ስስም ራሴን ዳሰሱኝ። ቤት ገብቼ ለእናቴ «ታርቀናል» አልኋት። እናቴ ሠርግ ይቀራል ብላ ጌሾውን ልትመልስ ነበር፤ እንደገና መውቀጥ ጀመረች።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በትንሣኤ ሳምንት ረቡዕ ነው። ሁለት ናቸው፤ አንቀመጥም ብለው ከደጅ ቆሙ።

«የኔታ ቃላቸውን መልሱልኝ ብለዋል» አለ አንደኛው።

አባቴ ከመደቡ ተነሣ። «ምክንያቱ?»

«ሥላሴን ሦስት ሰው ላለ ልጄን አልሰጥም ብለዋል።»

«ቀኖናውን ጨርሷል እኮ! ትናንት ቀድሶ ነው የመጣው!»

ሽማግሌው መሬት መሬት ያይ ነበር። «እኛ የተላክነውን ነው የተናገርነው» አለ።

በሳምንቱ ውስጥ ለማን እንደተሰጠች ተሰማ። በማክሰኝት በኩል ያለ ዲያቆን ነው፤ አባቱ ሰፊ የደብር መሬት ያለው አለቃ ነው። ሽማግሌ የላኩት በጥር እንደነበረ፣ የኔታም «ቃል ሰጥቻለሁ» ብለው እንደመለሷቸው የነገረኝ ያው ደብተራ ነው፤ ይህን ሲነግረኝ አልቀለደም። እንግዲህ ቃላቸውን የሚያፈርስ ቃል ሲጠብቁ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ አጥርቼ፣ ሁለት ጊዜ ሰጠኋቸው። ወይም ደግሞ በእውነት ተሰቅቀው ይሆናል። ይህን እስካሁን አላወቅሁም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ከታቦቱ ፊት እንዳልቆም ያልከለከለኝ ስሕተት ከልጃቸው ጎን እንዳልቆም ከለከለኝ።

ሠርጉ በቀኑ ዋለ፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በዋለው እሑድ፣ ለእኔ በተቆረጠው ቀን። ሙሽራው ዲያቆን ስለሆነ ተክሊል ነው፤ በቅዳሴ፣ በቁርባን። ያ ሳምንት ደግሞ የእኔ የአገልግሎት ሰሞን ነበር። ቄሰ ገበዙ ቅዳሜ ማታ ቤቴ ድረስ መጥተው «ከሌላ ጋር ልለውጥህ?» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው። «ሰሞኑ የእኔ ነው» አልኋቸው። ምናልባት አንድ ቃል ሳልሳሳት ስጨርስ እንዲሰሙኝ ፈልጌ ይሆናል።

ቀደስሁ። አንድ ቃል አልሳትሁም። ካህኑ ሥጋውን ካቀበለ በኋላ ደሙን በእርፈ መስቀል የሚያቀብለው ዲያቆኑ ነው። መጀመሪያ ሙሽራው ቀረበ፤ ቀይ፣ ልጅ እግር። ቀጥላ እርሷ ቀረበች። አክሊሉ ትንሽ ሰፍቷት ወደ ግንባሯ ወርዷል። ዓይኗን ጨፍናለች፤ እኔ እንደሆንሁ ግን ከድምፄ ታውቃለች፣ ሌላ እንኳ ባታውቅ ድምፄን ታውቃለች። ማንኪያውን ወደ አፏ አደረስሁ። ተቀብላ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ዞረች።

ከቅዳሴ በኋላ ልብሰ ተክህኖዬን አጥፌ ስወጣ የኔታ ከደጀ ሰላሙ ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ። አዲስ ኩታ ለብሰዋል። ሲያዩኝ ጠሩኝ።

«ዛሬ ሸጋ አድርገህ ቀደስህ» አሉኝ። «አንዲት እንከን የለባትም።»

ሰዎች ያዩናል። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ፣ «እርስዎ ያስተማሩኝ ነው የኔታ» አልኋቸውና መንገዴን ቀጠልሁ።